ወንጪ ሐይቅን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፦ ከከተማ ዳር ለሚነሱ ዝርዝር መመሪያ

ከሰበታ፣ ከዓለም ገና፣ ከቡራዩ ተነስተው ወንጪ የሚሄዱ ቡድኖች በአብዛኛው የሚበላሽባቸው አንድ ቦታ ላይ ነው። አርፍደው ይደርሳሉ። ቁልቁለቱን እየዘፈኑ ይወርዳሉ። ሐይቁ ዳር ፎቶ ሲነሱ ሰዓቱ ይነጉዳል። ከዚያ ዳገቱ ይመጣል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ አንዱ ጉልበቱን ይይዘዋል፣ ሌላው ውሃ ጨርሷል።

ወንጪ እሳተ ገሞራ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። የእግር ጉዞው የሚጀምረው ከአፋፉ ነው፤ ውሃው ታች ነው። ሌላ ተራራ ላይ መጀመሪያ ትደክማላችሁ፣ ስትመለሱ ይቀላችኋል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከሁለት ነገር ጋር ነው፦ ከሰዓት፣ እና ለመመለሻው ከሚቀመጥ ጉልበት ጋር።

ደረጃ 1፦ ወሩንና ቀኑን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። መሬቱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አትሂዱ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፣ ጉሙም ሐይቁን ቀኑን ሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። የበልግ ወራት መሃል ላይ ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት በኋላ በረዶ ሊጥል ይችላል፤ ከሄዳችሁ የዝናብ ልብስ የግድ ነው።

ከተቻለ ቅዳሜን ምረጡ። እሑድ አርፎ ሰኞ ሥራ መግባት ይቀላል።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ከመነሳታችሁ ከሦስት ቀን በፊት አንድ ጊዜ፣ በዋዜማው ደግሞ አንድ ጊዜ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። በዚያ መስመር የሚመላለስ ሾፌር ወይም ወሊሶና አምቦ የሚኖር ዘመድ ከማንም የተሻለ ያውቃል። «እስቲ ቆይ» ካሏችሁ ቆዩ። ሐይቁ የትም አይሄድም። የተከፈለ የመኪና ቀብድ አሳዝኖት የሚሄድ ቡድን አይሁን ቡድናችሁ።

ደረጃ 2፦ እግራችሁን ሰፈራችሁ አጠገብ ፈትኑ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል የሚያስወጣ ዳገት ፈልጉ። ሰሜን በኩል ያላችሁ እንጦጦ አለላችሁ። ሰበታና ሆለታ አካባቢ ያላችሁ የመናገሻ ሱባ ጫካ ቅርባችሁ ነው። ሁለቱም ከፍታቸው ለወንጪ ጥሩ መለማመጃ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የወንጪ አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ይቆጥረዋል።

ፈተናው እንዲህ ነው። በወንጪ የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ፣ የምትይዙትን ቦርሳ ያዙ። ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ውጡ። እየወጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ደህና ናችሁ። በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ወንጪን በእግር ለመውጣት አታስቡ፣ ከወዲሁ ለመመለሻው ፈረስ ያዙ።

ፈተናውን ጭራሽ ያልቻለ ሰው ቢሾፍቱ ይሂድ። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅም የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስላሉ አየሩ ይቀላል፣ ከከተማም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቁት።

የልብ ሕመም፣ አስም፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለባችሁ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ደረጃ 3፦ መንገዳችሁን በመኖሪያችሁ ወስኑ

ወንጪ በወሊሶና በአምቦ መካከል ነው። ከሁለቱም በኩል መግባት ይቻላል።

ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ ጀሞና ዓየር ጤና ያላችሁ በጅማ መንገድ ሂዱ፦ ተፍኪ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ወደ ተራራው። ቡራዩ፣ መናገሻና ሆለታ ያላችሁ በአምቦ መንገድ ይሻላችኋል፦ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን ያላችሁ መንገዱ ስለሚረዝምባችሁ በዋዜማው ወሊሶ ወይም አምቦ እደሩ። በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር መጨረሻው ሌሊት መንዳት ነው።

በግል ወይም በኮንትራት መኪና መሄድ ለደርሶ መልስ ይመረጣል። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ወሊሶ ወይም አምቦ ድረስ ችግር የለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን መኪና እስኪሞላ መጠበቅ አለው። ስለዚህ በሚኒባስ የምትሄዱ ከሆነ አዳር ጨምሩ።

ሾፌሩን ስትይዙ ሦስት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ፦ ነዳጁ የማን ነው? እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ትርፍ ጎማና ክሪክ አለው? ሦስተኛውን በአፍ ብቻ አትመኑ፣ የኋላውን ከፍታችሁ እዩ።

ደረጃ 4፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

ጫማ፦ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አትመርቁ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ሥራ ቦታ አድርጋችሁት ሂዱ። ስኒከር ከሆነ የተላሰ ሶል አይሁን።

የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ። ተራ ነገር ይመስላል። ግን ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍሩ በየእርምጃው የጫማውን አፍንጫ ይመታል። ማታ አውራ ጣቱ ጠቁሮ የሚገኘው ለዚህ ነው። በዚያው ምክንያት ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት የጫማውን ክር ቁርጭምጭሚቱ ጋ አጥብቁ፣ ጣቶቹ ጋ ላላ አድርጉ።

ልብስ፦ ደራርቡ። ቲሸርት፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ የዝናብ ልብስ። ጂንስ ሱሪ አታድርጉ፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጃንጥላ ለፀሐይ ይሆናል እንጂ ዳገት ላይ እጅ ይይዛል። ኮፍያ አትርሱ፤ ከፍታ ላይ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ ላለው ገዳም ያስፈልጋል፣ ለፋሻም ይሆናል።

ውሃ፦ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር። አንዱን ለመውረጃና ለሐይቁ ዳር፣ ሁለተኛውን ለዳገቱ። ሁለተኛውን ታች ሳላችሁ አትክፈቱት። የሐይቁን ውሃ ሳይፈላ አትጠጡ።

ምግብ፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ ድንች። በሶ ካላችሁ የሚያህለው የለም፤ በትንሽ ውሃ ይበጠበጣል፣ ቶሎም ጉልበት ይሆናል። የሚጾም ሰው በመሃላችሁ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ ታች ወርዶ ጦሙን እንዳይውል።

ከዚህ ሌላ፦ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ ሶፍት፣ የቆሻሻ መያዣ ከረጢት፣ ዝርዝር ብር። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም፤ ሁለት መቶ ብር ሰጥቶ መልስ መጠበቅም ያጣላል።

ደረጃ 5፦ የቀኑን ሰዓት በወረቀት ጻፉ

ከዓለም ገና ለሚነሳ ቡድን የሚሠራው ይሄ ነው፦

ጠዋት 12፡00 መነሳት። 2፡00 ወሊሶ፣ አጭር ቁርስ። 3፡30 አፋፉ ላይ። 3፡45 መውረድ መጀመር። 5፡00 ሐይቁ ዳር። 7፡00 ዳገቱን መጀመር። 9፡00 አፋፉ ላይ። 9፡15 መኪናው ይነሳል። 12፡15 አካባቢ ዓለም ገና።

ከእነዚህ ሁሉ የማይነካው 7፡00 ሰዓት ነው። የቀሩት ይንሸራተቱ፤ ይሄ አይንሸራተት። አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ የሚቀነሰው የሐይቁ ዳር ቆይታ ነው። አፋፉ ላይ ከ5፡00 በኋላ ከደረሳችሁ በእግር መውረዱን ተዉት። ላይ ሆናችሁ በአፋፉ ዙሪያ ተጓዙ፤ ሐይቁ ሙሉ ሆኖ የሚታየውም ከላይ ነው።

አንድ ሰው የሰዓት ኃላፊ አድርጉ። ቡድኑ ውስጥ የሚከበር፣ ፊት የማይፈራ ይሁን። በተለምዶ የወንድሞች ታላቅ ወይም የመሥሪያ ቤት አለቃ ይመረጣል፤ የሚያስፈልገው ግን «ተነሱ» ሲል የሚሰማ ሰው ነው።

ደረጃ 6፦ መግቢያው ላይ ተረጋጉ

መኪናው ሲቆም ብዙ ሰው ይከባችኋል። ፈረስ፣ ዱላ፣ አስጎብኚ፣ ሁሉም ይቀርባል። አትደናገጡ፣ አትቆጡም። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላም በሉ፤ በሰው አገር ሰላምታ ብዙ በር ይከፍታል። ከዚያ በቀጥታ ክፍያ ወደሚከፈልበት ቢሮ ሂዱ። የመግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የፈረስና የጀልባ ዋጋ የተለያየ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁ፣ ደርሶ መልስ ይሁን መሄጃ ብቻ አረጋግጡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። መንገድ ላይ ለቆመ ሰው አትክፈሉ።

አስጎብኚ ያዙ። መንገዱ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። መንገዱ በሰው ማሳና በእንሰት ጓሮ መካከል ያልፋል፤ የቱ የጋራ መንገድ የቱ የግል ግቢ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ውሻ ሲመጣም በስሙ ይጠራዋል።

ሕፃናት ተከትለው ቢመጡ ብርም ከረሜላም አትስጡ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ትተው መኪና የሚጠብቁት ለዚህ ነው። መርዳት የምትፈልጉ ከወላጆቻቸው ማር ወይም ሌላ የሚሸጡትን ግዙ።

ደረጃ 7፦ አወራረድ

አትሩጡ። ቁልቁለት ላይ የሚሮጥ ሰው ማታ ጉልበቱን ይዞ ያለቅሳል።

አጭር እርምጃ ርገጡ። ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አትተክሉት። ገደላማ ከሆነ ቀጥታ ሳይሆን ዚግዛግ እያላችሁ ውረዱ። የተላላጠ ደረቅ አፈር ላይ ከመርገጥ ሣሩን ርገጡ። ዱላውን ከፊታችሁ ተከሉና ከዚያ እግራችሁን አስከትሉ።

ከፊት አስጎብኚው፣ ከኋላ ከቡድኑ ጠንካራው ሰው ይሁን። በጣም ቀርፋፋው ከአስጎብኚው ቀጥሎ ይሂድ። ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው።

በየሃያ ደቂቃው ቆማችሁ ዞር ብላችሁ ወደ ላይ እዩ። ያን ነው የምትመለሱበት። ከመሃል አንዱ ጉልበቱን ካመመው ወይም ራሱን ካዞረው ገና ሩቡን ሳትወርዱ መልሱት፣ ከአንድ ሰው ጋር። ሁሉም መውረድ የለበትም።

*ተረከዙ መፋጀት ከጀመረ፦* ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ። ወዲያው ቁሙ፣ ካልሲውን አውልቁ፣ አድርቁት፣ ፕላስተር ለጥፉ። ከቋጠረ በኋላ አታፍርጡት።

*ወለምታ ካጋጠመ፦* ጫማውን አላሉት እንጂ ወዲያው አታውልቁት፣ ካበጠ መልሶ አይገባም። አስቀምጡት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ ነጠላ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጠቅልሉት፣ ከዚያ በፋሻ እሰሩት። እዚያው ማንም እንዲያሸው ወይም እንዲስበው አትፍቀዱ፣ ጥሩ ወጌሻ ነኝ ቢልም። የተሰበረ ከሆነ መሳቡ ያባብሰዋል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ስብራት ነው ብላችሁ ተነሱ፦ ፈረስ ጥሩ፣ ከላይ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።

ደረጃ 8፦ ሐይቁ ዳር

መጀመሪያ ብሉ። ፎቶው ይደርሳል። ግማሹን ምግብ ብቻ ብሉ፣ ሌላው ለዳገቱ ነው።

ጀልባ ስትገቡ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ደረታችሁ ላይ ቆልፉት። ከሌለ አትግቡ። ዋናተኛም ብትሆኑ አትግቡ። አንድ በአንድ፣ መሃል መሃሉን ረግጣችሁ ግቡ፣ ወዲያው ተቀመጡ። ክብደቱ በሁለቱ ጎን ይመጣጠን። ለሰልፊ ቆሞ የሚዞር አንድ ሰው ጀልባውን ሊገለብጠው ይችላል። ነፋስ ተነስቶ ውሃው ነጭ ነጭ መጣል ከጀመረ ጀልባው ይቅር።

አትዋኙ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ድንገት የገባ ሰው ትንፋሹን ሳይፈልግ ወደ ውስጥ ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚገባው ውሃ ነው። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ዳሩ ደግሞ እንደ ባሕር ጠረፍ ቀስ እያለ አይጠልቅም። ጥቂት እርምጃ ገብታችሁ መሬቱ ከእግራችሁ ሊከዳ ይችላል። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ ዱላ፣ ነጠላ ወይም ገመድ ዘርጉለት።

ደሴቱ ላይ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ። ከገባችሁ ቁምጣ አይሁን፣ ድምፅ ቀንሱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጫማ አውልቁ፣ ከፎቶ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ። ሸለቆው ውስጥ ያለውን ፍልውሃ ማየት የምትፈልጉ አስጎብኚውን ጊዜው ይበቃ እንደሆነ ጠይቁት። በአንድ ቀን ፕሮግራም ደሴቱንና ፍልውሃውን ሁለቱንም ማዳረስ ከ7፡00 ሰዓቱ ያስወጣችኋል። አንዱን ምረጡ።

ደረጃ 9፦ ዳገቱ

የቀኑ ከባዱ ሥራ አሁን ነው የሚጀምረው። ሹራባችሁን አውልቁ፣ ካልሆነ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በላብ ትነከራላችሁ። ክራችሁን ድጋሚ እሰሩ። ሁለተኛውን ውሃ አሁን ክፈቱ።

የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሆን ብላችሁ ተንቀርፈፉ። ወጣቶች እዚህ ላይ ይፎካከራሉ፣ ግማሽ ላይ ደግሞ ተዘርረው ይገኛሉ። ሙሉ እግራችሁን ርገጡ፣ በጣት አትውጡ። ሠላሳ እርምጃ ሄዳችሁ አምስት ትንፋሽ ቆማችሁ መተንፈስ ካስፈለገ እሱም አካሄድ ነው። ቁጭ ብሎ ረጅም ዕረፍት ግን እግር ያስራል። በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት በሶ ወይም ቆሎ፣ ጥቂት ውሃ።

*በፈረስ የምትወጡ፦* ጀርባውን እዩ። ኮርቻው ሥር ቁስል ያለበትን ፈረስ አትቀበሉ፣ ሌላ ጠይቁ። ኮርቻው ተጠብቆ መታሰሩን በእጃችሁ ነቅንቁ። እርካቡ ውስጥ የእግራችሁን ፊት ብቻ አስገቡ፤ ተረከዝ ድረስ ከገባና ከወደቃችሁ ፈረሱ ይጎትታችኋል። ዳገት ሲሆን ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ ዘንበል በሉ። የፈረሱ ባለቤት ልጓሙን ይዞ ይምራ።

*ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ፦* ቁሙ፣ አጠጡት፣ ኦአርኤስ ስጡት። በሌላ ተራራ የከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ እዚህ ግን መውጫው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውን በእግር አታስወጡት። ፈረስ ላይ አድርጋችሁ በቀጥታ ወደ መኪናው፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ወሊሶ ወይም አምቦ ውረዱ። ቃሉ ከተኮላተፈ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ቤት አይግባ።

*ነጎድጓድ ከተሰማ፦* ብልጭታውን ካያችሁ ጀምራችሁ በሰከንድ ቁጠሩ። 30 ሳይሞላ ድምፁ ከደረሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው። ወደ አፋፉ አትውጡ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ዱላውንም ጣሉት። መኪና ቅርብ ከሆነ ውስጡ ግቡ። ከሌለ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትንቀሳቀሱ። የሰዓቱ ጉዳይ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ከመሸም ወሊሶ ወይም አምቦ ይታደራል።

ደረጃ 10፦ መኪናው ከመነሳቱ በፊትና በኋላ

ሰው ቁጠሩ፣ በስም እየጠራችሁ። የቆሻሻ ከረጢቱን ጫኑ፤ የብርቱካን ልጣጭም ጭምር። የረጠበ ልብስ ቀይሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ምን እንደበላ ጠይቁት፣ ካልበላ መጀመሪያ ይብላ። ከፊት የሚቀመጠው ሰው አይተኛ፤ እያወራ ሾፌሩን ያንቃው።

ቤት ስትደርሱ በለብታ ውሃ ታጠቡ፣ ባታችሁን ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያማል፣ በሁለትና በሦስት ቀን ይለቃል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመማችሁ ወይም እብጠቱ ካልቀነሰ በሐኪም ታዩ። ጭቃ የነካውን ጫማ ጭቃው ከደረቀ በኋላ አራግፉት፣ ውስጡን ጋዜጣ ሙሉበት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ሶሉ ይላቀቃል።